ብልጭ ድርግም የሚል አረንጓዴ

"ለቤቱ ነዋሪዎች፣ በእንግድነት ለሚመጡና ለሚመለከታቸው ሁሉ! ከመኝታ ክፍሎቹ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚወስደው ኮሪደር ከዛሬ ጀምሮ በመብራት የሚተዳደር መሆኑን ስንገልጽ ታላቅ ክብር ይሰማናል። ቀይ ሲበራ፣ ምንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ይቆማሉ። ቀይና ቢጫ አንድ ላይ ሲበሩ እግረኛ እያቋረጠ ስለሆነ ንቅንቅ አይሉም። አረንጓዴ ብልጭ ድርግም ሲል መንገዱ የእርስዎ ብቻ ነው፤ ያለ ሥጋት ወደ ግራ ታጥፈው ይገባሉ። በሩን ከኋላዎ መዝጋት አይርሱ። የቤቱ አስተዳደር።"

ይህን ማስታወቂያ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ የለጠፈው የቤቱ አባወራ ነው። አባወራው የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ነው። መብራቱንም ያመጣው ከሚሠራበት ማሠልጠኛ ነው፤ ለክፍል ማስተማሪያ የተሠራ፣ ቁመቱ ከሰው ትከሻ የማያልፍ፣ ባለ ሦስት ዓይን ሞዴል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚስቱ ሥራ እየረፈደባት፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በገዛ ቤቷ ቀይ መብራት ይዟት "አንተ ሰውዬ፣ ፈጣሪን አትፈራም?" ስትል ከጎረቤት ይሰማ ነበር። እሱ ግን ማብሪያ ማጥፊያውን ጨብጦ ሳሎን እንደተቀመጠ፣ "አባባ ይቅደሙ፤ ልምምድ ላይ ናቸው" ይላል። አባባ ደግሞ በፒጃማቸው፣ መሪ የያዙ ይመስል ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ዓይናቸውን መብራቱ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ። ይህ ሁሉ ድግስ የተደገሰው ለእሳቸው ነው።

አባባ፣ የሚስቱ አባት፣ ከወንዙ ወዲያ ባለው ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚያ ማዶ የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ "ጋሽ ፍሬን" ነው የሚላቸው። እሳቸው ፍሬን ሲይዙ ቆሞ የሚያንቀላፋ ተሳፋሪ እንኳ አይነቃም ይባል ነበር። ጡረታ ወጥተው ልጃቸው "ብቻዎን አይሆኑም" ብላ ወንዙን አሻግራ ካመጣቻቸው ወዲህ ግን አንድ ነገር አንገሸገሻቸው፤ ክብር። ብርጭቆ ሊያጥቡ ሲነሡ "ኧረ አባባ፣ ይቀመጡ!" አምፖል ሊቀይሩ ወንበር ሲስቡ "ምን ሲደረግ፣ ይቀመጡ!" ዳቦ ልግዛ ብለው ጫማቸውን ሲያጠልቁ "እኛ ምን ሠርተን ልንበላ ነው፣ ይቀመጡ እንጂ!" የሶፋው አንዱ ጠርዝ የእሳቸውን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። አንድ ቀን ልጃቸውን "መቀመጡስ ይሁን፤ ግን መሪ ያለበት ወንበር ላይ ቢሆን ምን ይልሻል?" አሏት። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ምድር ቤት መዋዕለ ሕፃናት ያላት ሴትዮ ሕፃናቱን ከየቤታቸው የሚያመላልስ የሚኒባስ ሹፌር ፈልጋ ነበር። ጋሽ ፍሬን ደረጃውን ሲወርዱ፣ አንዱ ሕፃን የጣለውን ጫማ አንሥተው፣ ተንበርክከው ሲያስሩለት አየቻቸውና ሌላ ሰው ማየት አስጠላት። "ብቻ የዚህን ከተማ መንጃ ፈቃድ ይያዙልኝ" አለቻቸው።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። መኪና ከወንዙ ወዲህም ሆነ ወዲያ አራት ጎማ ነው ያለው። መብራቱ ግን የየራሱ ነው፤ ወንዙ አንድ፣ አስተዳደሩ ሁለት። ከወንዙ ወዲያ አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ካለ "ልዘጋ ነውና ፍሬንህን ያዝ" ማለት ነው። ከወንዙ ወዲህ ግን "ከፊት ለፊት የሚመጣውን አቁሜልሃለሁና ወደ ግራ ታጠፍ" ማለት ነው። ቀይና ቢጫ አብረው ሲበሩ ወዲያ "ማርሽ አስገባ፣ ልንሄድ ነው" ይባላል፤ ወዲህ "ሕዝብ እየተሻገረ ነው፣ እንዳትነቃነቅ" ይባላል። አንድ ጊዜ ሁለቱ አስተዳደሮች መብራቱን አንድ የሚያደርግ የጋራ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ስብሰባውንም ለማንም እንዳያዳላ ድልድዩ መሐል ለማድረግ ተስማምተው ነበር። ያኛው ወገን የዚህኛውን መብራት፣ ይሄኛውም የዚያኛውን ባለመረዳቱ ሁለቱም ሳይደርሱ ቀሩ ይባላል። እውነት ይሁን ወሬ የሚያውቅ የለም። መብራቶቹ ግን እስከ ዛሬ አልታረቁም።

ጋሽ ፍሬን በመጀመሪያው ፈተና አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ሲል፣ እንደ ልማዳቸው፣ እንደ ቅቤ በለሰለሰ ፍሬን ቆሙ። ከኋላቸው የነበረው ሁሉ ክላክሱን አንባረቀባቸው፤ ወደቁ። በሁለተኛው ቀይና ቢጫ አብረው ሲበሩ ማርሽ አስገብተው ሊነሡ ሲሉ፣ ፍራሽ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ዜብራው ላይ ነበሩ። መኪናው ፍራሹን ሳም አደረገው። ፍራሽ ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ሳቁ፤ ፈታኙ ግን አልሳቀም። ጋሽ ፍሬን "በእኛ ዘንድ እኮ…" ብለው ማስረዳት ሲጀምሩ፣ ከመጀመሪያው ጥፋት ሥር ሁለተኛ ጨመረባቸው፦ ከፈታኝ ጋር መከራከር። ሕጉ የሚፈቅደው ሦስት ጊዜ መፈተን ነው፤ ሦስተኛው ካመለጠ ዓመት መጠበቅ አለ። የመዋዕለ ሕፃናቷ ሴትዮ ደግሞ ደግ ናት እንጂ ዓመት የምትጠብቅ ሞኝ አይደለችም። እስከ ሰኞ ብቻ ነው ቃል የገባችው።

ሦስተኛው ዛሬ ነው። ጋሽ ፍሬን ማልደው ተነሥተው፣ አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ሲልላቸው ታጥፈው መታጠቢያ ቤት ገብተው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ሲወጡ፣ በወጥ ቤቱ ገርበብ ያለ በር በኩል የልጃቸውን ድምፅ ሰሙ። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ መራራ ነገር ለሰው እንዴት እንደሚሰጥ ታውቃለች። "ድንገት ዛሬም ካልሆነላቸው" ትላለች ባሏን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እንዳይከፋቸው ትልቁን ቴሌቪዥን እንገዛላቸው። ያንን ግድግዳውን የሚሞላውን።"

"ዋጋውን አይተሽዋል?"

"ቅናሽ ላይ ነው። በየወሩ ይከፈላል። ደግሞ የሚንጋለል ወንበር አብሮ ይመርቃሉ። እግራቸውን ሰቅለው፣ ባሰኛቸው ጊዜ ተኝተው ማየት ነው።"

ጋሽ ፍሬን ፎጣቸውን እንደያዙ ኮሪደሩ መሐል ደርቀው ቀሩ። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው እንኳ ይግባኝ ይላል፤ እንዲህ በፍቅር፣ እንዲህ በቅናሽ ለተፈረደበት ሰው ግን ይግባኝ የሚባልበት ችሎት የት ይገኛል? መቀመጥ አንሶ መንጋለል መጣ። ቁርስ ላይ ሦስቱም ፈተናውን ላለማንሣት ሲሉ ሌላውን ሁሉ አነሡ፤ ሊፍቱ ዳግም እንደቆመ፣ ቲማቲም ከሥጋ እኩል ልትሆን ምንም እንዳልቀራት፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ለምን ሌሊት ሌሊት ወንበር እንደሚጎትት። ከዚያ ወሬው አለቀና የማንኪያ ድምፅ ብቻ ቀረ። ልጃቸው የአባቷ ሻይ ላይ ስኳር ጨመረች። ትንሽ ቆይታ ረስታ ደገመች። ጋሽ ፍሬን ሻዩን እንደ ማር እየጎተቱ እስከ አተላው ጠጡላት።

ወደ መፈተኛው ጣቢያ የወሰዳቸው አማቻቸው ነው። የእሱም ጭንቀት ቀላል አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቹ ከሰሙ ወዲህ ሻይ ቤት ሲገባ "ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች" እያሉ ይጎሽሙታል፤ አንዱ እንዲያውም "አማትህን ለእኔ አምጣልኝ፣ በግማሽ ዋጋ ላሠልጥንልህ" ብሎታል። መንገድ ላይ በየመብራቱ እየቆመ "ይሄስ?" ይላል፤ ጋሽ ፍሬንም እንደ ተማሪ ይመልሳሉ። ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ ወደሳቸው ዞረ።

"አባባ፣ መንዳቱን እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም። አንድ ነገር ብቻ በሞቴ። 'በእኛ ዘንድ' የምትለዋን ቃል ዛሬ ይተዉልኝ።"

"በእኛ ዘንድ አማች እንዲህ ብዙ አያወራም" አሉት፤ ወርደው በሩን በቀስታ ዘጉ።

የጣቢያው ግቢ ግንብ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ የተላላጠ ነው። ተፈታኞች ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረው ጉልበታቸውን ያርገበግባሉ። በሩ ላይ ያለችው ኪዮስክ ሻይ የምትሸጠው ከሌላው ሠፈር በእጥፍ ነው፤ የተጨነቀ ሰው ዋጋ አይጠይቅም። ፈታኙን ተፈታኞች በሹክሹክታ "ይቀነሳል" ነው የሚሉት። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ እርሳሱን እንደ መርፌ የሚቀርጽ ሰው ነው። ስፖኪዮ ያላየ፣ "ይቀነሳል"። ፍሬቻ ያዘገየ፣ "ይቀነሳል"። ቤቱ ሾርባ ሲቀርብለት እንኳ አንድ ማንኪያ ቀምሶ "ጨው፣ ይቀነሳል" ይላል ብለው ያሙታል። ይሄው ይቀነሳል ጋሽ ፍሬንን ሲያይ ወዲያው አወቃቸው። "የፍራሹ አባት" አለና በሩን ከፍቶ ገባ።

ጋሽ ፍሬን ወንበራቸውን አስተካከሉ፣ ስፖኪዮውን በሁለት ጣት ነካ አደረጉ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ። ከግቢው ወጥተው አደባባዩን ዞሩ፤ ዳገቱ ላይ ቆመው ሲነሡ መኪናዋ አንዲት ጣት እንኳ ወደ ኋላ አላለችም። የመጀመሪያው መብራት ላይ አረንጓዴው ብልጭ ድርግም አለ። ጋሽ ፍሬን ያለ ምንም ማመንታት ወደ ግራ ታጠፉ። ሁለተኛው ላይ ቀይና ቢጫ አብረው በሩ፤ እግራቸው ያለ ፈቃዳቸው ተንቀሳቀሰ፣ "ተመለሽ" አሏት በልባቸው፣ ተመለሰች። እግረኛው ሁሉ ተሻግሮ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። የይቀነሳል እርሳስ ወረቀቱ ላይ ተንሳፋ ቀረች። ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ሥራ ሲፈታ እንደሚሆነው፣ እርሳሷን ጆሮው ላይ ሰካት፣ አወረዳት፣ መልሶ ሰካት።

ሦስተኛው መብራት ጋ ሳይደርሱ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ አገኙት። ውኃው ከአስፋልቱ መሐል እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ የሠፈሩ ሰው ባልዲና ጀሪካን ይዞ ወጥቶ እየተሳሳቀ ይቀዳል፤ ትራፊኩ እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ፊሽካውን እየነፋ፣ መኪናውን ሁሉ ወደ ድልድዩ ይነዳል።

"ልመለስ እንዴ?" አሉ ጋሽ ፍሬን።

"ፈተናው ይቀጥላል።"

"ወደ ማዶ ነው እኮ የሚሰደን።"

"ፈተና ውኃ አያቋርጠውም፣ ድልድይም አያቋርጠውም። ማዶ ግራ ታጥፈን በታችኛው ድልድይ እንመለሳለን። ግቢ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚጠብቀኝ አይተዋል?"

ድልድዩን ተሻገሩ። ጋሽ ፍሬን ወንዙን ከተሻገሩ ወራት አልፏቸው ነበር። ወዲያው ሁሉም ነገር ሰላም ይላቸው ጀመር፤ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ የምትንጠለጠለው የተሰነጠቀች መስታወት፣ የጫማ ቤቱ ዘላለም የማያልቅ "የመጨረሻ ቅናሽ"፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ያለው፣ አንድ እግሩ አጠር ያለ አግዳሚ። በዚህ ጎዳና እያንዳንዱን ጉድጓድ በስም ያውቁታል። መብራቱ አረንጓዴ ነበር። በዝግታ እየቀረቡ ፍሬቻቸውን ወደ ግራ አበሩ። መስመሩ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

"ወደ ግራ" አለ ይቀነሳል፤ ወረቀቱን እያየ። "ምን ይጠብቃሉ? መንገዱ የእርስዎ ነው።"

መንገዱ የእሳቸው አልነበረም። በዚህ አፈር ላይ ይህ መብራት "ልዘጋ ነው" ነው የሚለው፤ ከፊት ለፊት የሚመጣውም ሰው አረንጓዴው ሳያመልጠው ለመድረስ እግሩን እየጫነ ነው። ከሚመጡት ሁሉ ፊት ያለው ደግሞ ግንባሩ የሰፋ፣ የድሮ መስመራቸው አውቶቡስ ነበር። ቢታጠፉ ከነፈታኛቸው አፍንጫው ሥር ይገባሉ። ቢቆሙ፣ በይቀነሳል ወረቀት ላይ ብልጭ ድርግም በሚል አረንጓዴ መቆም "መንገድ መዝጋት" ነው፤ በመጀመሪያው ፈተና የወደቁበት፣ ሳይቀነስ ሙሉ በሙሉ የሚጥል። ቢያስረዱ "ክርክር" ነው፤ እሱም ይጥላል። ጋሽ ፍሬን በዚያች ቅጽበት ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ታያቸው። ፊት ለፊቱ የሚንጋለል ወንበር፤ ወንበሩ ላይ የራሳቸው ካልሲ። አንድ ነገር ግን ነበር፤ የሚያስቀንስ እንጂ የማይጥል ጥፋት፣ ጀማሪ ሁሉ የሚያጠፋው፣ እሳቸው ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ በዚህ ጎዳና አንዴም አጥፍተውት የማያውቁት። ለሌላው ሹፌር ትንሽ ነገር ነው። ለእሳቸው በአደባባይ ሱሪ እንደ ማውለቅ ነበር።

የግራ እግራቸውን ከፍሪሲዮኑ ላይ ድንገት አነሡት።

መኪናዋ ተንፈራገጠች፣ አንዴ ሳለች፣ መስመሩ ላይ ሞተሯ ጠፋ። አውቶቡሱ እያጓራ በግራቸው አለፈ፤ ሲያልፍም ቀዝቀዝ አለ፣ ምክንያቱም ሹፌሩ አይቷቸዋል። ሹፌሩ ጩጬ የሚሉት ሰው ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው መሪ ያስጨበጡት፣ አሁን ፀጉሩ ሸሽቶ እንኳ ዴፖው ውስጥ ጩጬ መባሉ ያልቀረለት። መስኮት ለመስኮት ሲገጣጠሙ አንገቱን አወጣ።

"ጋሽ ፍሬን! እርስዎ ነዎት? ሞተር ጠፋብዎት?!"

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተግተለተለ። ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት "ውይ፣ ምን አገኛቸው!" ሲሉ ተሰሙ። ጋሽ ፍሬን ከፊታቸው ካለው የጫማ ቤት ማስታወቂያ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ጆሯቸው ግን እንደ ቲማቲም ቀላ።

"ሞተር ማጥፋት!" አለ ይቀነሳል። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ። እርሳሷን ከጆሮው መዝዞ በሚያምር ጽሑፍ መዘገበ። "ይቀነሳል።"

እስኪጽፍ መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ ቀይ ሆነ። ጋሽ ፍሬን ሞተሩን አስነሥተው፣ ቀይና ቢጫውንም አሳልፈው፣ ሙሉ አረንጓዴው፣ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም አንድ ቋንቋ የምትናገረው ያቺ መብራት፣ እስክትበራ ቆዩ። ከፊት የሚመጣውን አሳለፉ፣ ታጠፉ፣ በታችኛው ድልድይ ተመለሱ። ግቢ ሲደርሱ ፍሬን መያዛቸውን ይቀነሳል ልብ አላለም፤ መኪናው ከቆመ በኋላም ትንሽ ጊዜ የሚሄድ መስሎት ቀበቶውን ሳይፈታ ተቀምጦ ነበር።

"አልፈዋል" አለ በመጨረሻ፤ ወረቀቱን እየሰጣቸው፣ ያለ ክፋት። "አንድ ጥፋት ብቻ ነው፣ ሞተር። አይዞዎት አባት፣ ለጀማሪ የተለመደ ነው።"

ጋሽ ፍሬን እንደ መድኃኒት ዋጡት። "አመሰግናለሁ ጌታዬ" አሉ።

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው ከመድኃኒት ቤቱ ፈቃድ ጠይቃ ቀድማ መጥታ ነበር። ስትስማቸው መነጽራቸው ወደቀ፤ ሊያነሡ ሲሉ የመዋዕለ ሕፃናቷ ሴትዮ ከምድር ቤት እየሮጠች መጥታ ልትረግጠው ለጥቂት ሳተችው። "ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ!" አለች፤ "አሥራ አንድ ሕፃናት ናቸው፣ አንዱ ይነክሳል።" ጋሽ ፍሬን "የሚነክሰውን ከኋላዬ አስቀምጪልኝ" አሏት። አማቻቸው ወረቀቱን ተቀብሎ መስኮቱ ጋ ወስዶ፣ ለባልደረቦቹ ሊያነብበው እያንዳንዱን ቃል እያጣጣመ አየው። ፈገግታው መሐል ላይ ቆመ።

"አባባ… ሞተር አጥፍተዋል ይላል እኮ።"

"ይላል።"

"እርስዎ?"

ይሄኔ የጋሽ ፍሬን ስልክ ጮኸ። ዓይናቸው ያለ መነጽር ስላላየ ልጃቸው ነካ አድርጋ ድምፁን ለቀቀችው፤ የዴፖው ጫጫታ ሳሎኑን ሞላው። "ጋሽዬ!" አለ ጩጬ፤ "ማንም አላመነኝም! ምሳ አስይዘናል። እስቲ በራስዎ አፍ ይንገሯቸው፤ ሞተር አጥፍተዋል አላጠፉም?"

"አጥፍቻለሁ።"

ከወዲያ ማዶ አንዱ በቀስታ "አንድ ነገር ቢሆኑ ነው" አለ፤ ሌላው "እርጅና ነው፣ እርጅና" አለ። ልጃቸው የአባቷን ክንድ ያዘች። አሰልጣኙ አማቻቸው ግን ወረቀቱን እንደያዘ ግንባሩን ኮስተር አድርጎ፣ በአየር ላይ በጣቱ መንገድ ይስል ጀመር፦ ድልድዩ፣ ጫማ ቤቱ፣ ግራ መታጠፊያው።

"ቆይ፣ ቆይ። ማዶ ነበራችሁ ማለት ነው? መብራቱ ምን ላይ ነበር አባባ?"

ጋሽ ፍሬን መነጽራቸውን ከወለሉ ላይ ራሳቸው አነሡ። በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አደረጉት።

"ጋሽዬ፣ እንዴት ጠፋ? ቢያንስ እሱን ይንገሩን!" አለ ስልኩ።

"ጠፋ።"

"ኧረ እንዴት?"

"ጠፋ አልኩ። አለቀ።"